ክረምቱን ለሚቆም ተሳቢና ባትሪ፦ የአንባቢዎች ጥያቄ

ሰኔ ሲገባ ከሰሜን ሸዋ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች በአብዛኛው ስለ ባትሪ ናቸው። የተወሰኑትን መርጬ መልሻለሁ።

«የጓሳን ጥብቅ ስፍራ ለማየት ለሚመጡ እንግዶች የምናከራያት ትንሽ የመኝታ ተሳቢ አለችን። ክረምቱን ሙሉ ግቢ ውስጥ ትቆማለች። ባትሪዋን እዚያው ብንተወው ምን አለበት?» (ከደብረ ብርሃን)

አይተዉት። መብራቱን ሁሉ ቢያጠፉም የጋዝ ማስጠንቀቂያው፣ የሬዲዮው ሰዓት፣ እንዲህ ያለ ጥቃቅን ነገር ሌት ተቀን ይጠባዋል። መጀመሪያ በቻርጀር ሙሉ ያድርጉት። ከዚያ ኔጋቲቩን፣ ቀጥሎ ፖዘቲቩን ይፍቱ። ሲመልሱ ተገላቢጦሽ ነው፤ ኔጋቲቭ መጨረሻ ይታሰራል።

ቻርጅ ካደረጉት በኋላ ጥቂት ሰዓት አሳርፈው በቴስተር ይለኩ። 12.6 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ካሳየ ሙሉ ነው። በየወሩ ይለኩት፤ ወደ 12.4 ሲወርድ እንደገና ቻርጅ ያድርጉ። ባዶውን ሲቆይ በውስጡ ያሉት የእርሳስ ሳህኖች ላይ የሰልፌት ክሪስታል ይጠነክራል፤ ያን ጊዜ የትኛውም ቻርጀር አይመልሰውም። ባትሪ ቶሎ ሞተብኝ የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ የገደለው ራሱ ነው።

ተሳቢዋንም አይርሷት። የውሃ ታንከሩንና ቧንቧዎቹን ያፍስሱ፣ መክፈቻዎቹንም ክፍት ይተዉ። ኪራዩ ከዘገየና ጥቅምት ላይ ውርጩ ከደረሰ የቀረው ውሃ ቧንቧ ይሰነጥቃል። የጋዝ ሲሊንደሩን ዘግተው ያውጡ። የፍሪጁን በር ከፍተው ይተዉ፤ አለዚያ ይሻግታል። ፍርፋሪም ቢሆን አይቅር፤ እህል ፍለጋ የገባ አይጥ ሽቦውንም ይበላል። ላስቲክ ጥብቅ አድርገው አይጠቅልሏት፣ እርጥበት ያፍናል፤ አየር የሚያስገባ ሸራ ይሻላል። ጎማውን በደንብ ነፍተው በክሪክ አንስተው በእንጨት ያስደግፏት።

«ፒክአፔ ለወራት አይንቀሳቀስም። ዘበኛው በየሳምንቱ አምስት ደቂቃ ያስነሳዋል። ይበቃል?» (ከሸዋ ሮቢት)

ዘበኛውን ያሳርፉት! ማስነሳቱ ከባትሪው ብዙ ይወስዳል፤ ሞተሩ ቆሞ ለአምስት ደቂቃ መዞሩ የወሰደውን አይመልስም። ሞተሩም ሳይሞቅ ስለሚጠፋ በውስጡና በጭስ ማውጫው ውስጥ ውሃ ይቀራል። ወይ ረዘም ያለ መንገድ ይንዳው፣ ወይ አይንካው። ናፍጣ ከሆነ ታንከሩን ሞልተው ያቁሙት፤ ባዶ ቦታ ላይ እርጥበት ይጠራቀማል።

ደግሞ ባትሪን የሚጎዳው ብርድ ብቻ ነው ብለው አያስቡ፤ ሙቀትም ይጎዳዋል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ባትሪው በራሱ የሚወርድበት ፍጥነት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ እንደ እርስዎ ቆላ ያለ ሰው ከደብረ ብርሃኑ ቶሎ ቶሎ መለካት አለበት።

«ውርጭ ባትሪ ይሰነጥቃል ይባላል። እውነት ነው?» (ከመሐል ሜዳ)

ባዶውን፣ አዎ። ቻርጅ ሲያልቅ አሲዱ ወደ ውሃ ይጠጋል፤ ከዜሮ በታች ወደ 10 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ሊረጋ ይችላል። ሙሉው ግን የመንዝን ብርድ ከቁብ አይቆጥረውም። የረጋ ባትሪ ካገኙ ግን ቻርጅ አያድርጉ፣ ሊፈነዳ ይችላል።

«ሲሚንቶ ላይ ካስቀመጥኩት ይወርዳል አሉኝ።»

የድሮ ወሬ ነው። ያሁኑ የፕላስቲክ ሳጥን አይጎዳም። ጣውላ ላይ ቢያስቀምጡትም ግን ጉዳት የለውም።

«የሶላር ባትሪዬ ሊትየም ነው። እሱንም ሙሉ አድርጌ ላስቀምጠው?»

የእሱ ነገር ይለያል። ለወራት ሲቀመጥ ግማሽ ያህል ቻርጅ ይበቃዋል። ከዜሮ ዲግሪ በታች ባለ ብርድ ግን ቻርጅ አይደረግም። ውርጭ በወረደበት ማለዳ ፀሐይ ፓነሉን ከመምታቷ በፊት ባትሪው ቤት ውስጥ ይሁን።

«የክረምት ዝናብ አጠራቅሜ ባትሪው ውስጥ ብጨምርስ?»

ከቆርቆሮ ጣራ የወረደ ውሃ አቧራና ዝገት አለበት፤ የሚሸጠውን የባትሪ ውሃ ይግዙ። አሲድ አይጨምሩ። ሳህኖቹ ከተገለጡ እስኪሸፈኑ ድረስ ብቻ ይጨምሩና ቻርጅ ያድርጉ፤ ሙሉ ሲሆን ወደ ልኩ ያድርሱት። ቀድመው ከሞሉት ቻርጅ ሲሆን ይፈስሳል። ቻርጅ የሚያደርጉበት ክፍል ደግሞ መስኮቱ ክፍት ይሁን፤ የሚወጣው ሃይድሮጅን በብልጭታ ይነዳል። ማድ ቤት ከሆነ እዚያ አያድርጉት።