ጥያቄና መልስ፦ ቪፒኤን እያለ ቶረንት ላይ አይፒ በየት ይሾልካል?

ጥያቄ፦ ሁሌ ቪፒኤን (ኢንተርኔቴን በሌላ ሰርቨር አሳልፎ አድራሻዬን የሚደብቅልኝን አገልግሎት) ከፍቼ ነው በቶረንት የማወርደው። አይፒዬ (የኢንተርኔት አድራሻዬ) እንዴት ሊታይ ይችላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቶረንት ላይ አንድን ፋይል የሚጋሩ ሰዎች አንዱ የሌላውን አይፒና ፖርት ያያሉ፤ ያለዚያ መገናኘት አይችሉም። ቪፒኤኑ ለጥቂት ሰከንድ ሲቋረጥ ኮምፒውተሩ በተለመደው መስመር ይቀጥላል፣ ፕሮግራሙም የቤትህን አይፒ ይዞ ይወጣል። ማውረዱ ስለማይቆም ምንም አይታወቅህም።

ጥያቄ፦ ኪል ስዊች (ቪፒኤኑ ሲቋረጥ ኢንተርኔቱን የሚዘጋውን) አብርቻለሁ፤ አይበቃም?

መልስ፦ ብቻውን አልተማመንበትም። አንዳንዱ የሚሠራው የቪፒኤኑ አፕ ክፍት እስከሆነ ድረስ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ቶረንቱ ከቪፒኤኑ ቀድሞ ከተከፈተ አለቀ። ፕሮግራሙን ራሱን ከቪፒኤኑ ጋር እሰረው።

ኪውቢትቶረንት በሚባለው የቶረንት ፕሮግራም ላይ ቱልስ፣ ከዚያ ኦፕሽንስ፣ ከዚያ አድቫንስድ ግባ። «ኔትወርክ ኢንተርፌስ» የሚለው (ፕሮግራሙ በየትኛው መስመር እንደሚወጣ የሚወስነው) «ኤኒ ኢንተርፌስ»፣ ማለትም «ማንኛውም»፣ ላይ ተቀምጦ ታገኘዋለህ፤ ወደ ቪፒኤኑ ቀይረው። ከዝርዝሩ የትኛው እንደሆነ ካልለየህ ቪፒኤኑን አጥፍተህ ገጹን እንደገና ክፈት፤ የጠፋው ስም እሱ ነው። መልሰህ አብራና ምረጠው፣ «አፕላይ» በል፣ ፕሮግራሙን ዘግተህ ክፈተው።

አሁን ፈትነው፦ አንድ የኡቡንቱ አይኤስኦ (በነፃ የሚሰራጭ የኮምፒውተር ሲስተም ፋይል) እያወረድክ ቪፒኤኑን በእጅህ አጥፋ። ፍጥነቱ ወርዶ ዜሮ ካልገባ አልታሰረም ማለት ነው።

ጥያቄ፦ እንዳልከው አሰርኩት፤ ከሳምንት በኋላ ግን ምንም አይወርድም።

መልስ፦ ቪፒኤኑ የሚሠራበትን ፕሮቶኮል ከኦፕንቪፒኤን ወደ ዋየርጋርድ ቀይረህ ይሆናል፤ ያኔ የኢንተርፌሱ ስምም ይቀየራል። አዲሱን ምረጥ። እባክህ፣ ለመገላገል ብለህ ወደ «ኤኒ» አትመልሰው።

ጥያቄ፦ ብሮውዘር ላይ ስፈትሽ የቪፒኤኑ አይፒ ነው የሚታየኝ።

መልስ፦ እሱ የሚነግርሽ ስለ ብሮውዘሩ ብቻ ነው እህቴ። የማግኔት ሊንክ የሚሰጥ የቶረንት መፈተሻ ተጠቀሚ፤ ሊንኩን በቶረንት ፕሮግራሙ ስትከፍቺው ገጹ ፕሮግራሙ የወጣበትን አይፒ ያሳይሻል። ረጅም ቁጥርና ፊደል ከሁለት ነጥብ ጋር ተቀላቅሎ ካየሽና የኢንተርኔት አቅራቢሽ ከሆነ፣ አይፒቪ6 (አዲሱ የአይፒ ዓይነት) ከቪፒኤኑ ውጭ እየወጣ ነው። ዋየርጋርድ ላይ የተፈቀዱ አይፒዎች (AllowedIPs) መስመር 0.0.0.0/0 ብቻ ከሆነ፣ አይፒቪ6ም በቪፒኤኑ እንዲያልፍ ::/0 ጨምሪበት።

ጥያቄ፦ ቶርን (ማንነትን የሚደብቀውን ነፃ ኔትወርክ) ብጠቀምስ?

መልስ፦ አይሆንም። ቶር ቲሲፒ የሚባለውን የመረጃ መላኪያ ዘዴ ብቻ ነው የሚያስተላልፈው፤ ዲኤችቲ (ፋይል የሚጋሩ ሰዎች የሚፈላለጉበት መንገድ) ደግሞ የሚሄደው በሌላው ዘዴ፣ በዩዲፒ ነው። አንዳንድ ፕሮግራም እውነተኛውን አይፒ በመልእክቱ ውስጥ ጽፎ ለትራከሩ (ተጋሪዎቹን ለሚያገናኘው ሰርቨር) ይልካል። የቶር ፕሮጀክት ራሱ በ2010 እ.ኤ.አ. አስጠንቅቋል።

ጥያቄ፦ ስልክ ላይስ?

መልስ፦ አንድሮይድ 8 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ሴቲንግ ውስጥ ከቪፒኤኑ ስም ጎን ያለችውን ባለ ጥርስ ጎማ ምልክት ነክተህ «ኦልዌይስ ኦን» እና «ያለ ቪፒኤን ግንኙነት አግድ» የሚሉትን ሁለቱንም አብራ። የመጀመሪያው ብቻውን አያግድም።