አምፖሉ ይበራል፣ እንሽላሊቱ ይንቀጠቀጣል፤ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው ስለ ድመት ክትባት ስጽፍ መጨረሻው ላይ «እንሽላሊት ያላችሁም ጻፉልኝ» ብዬ ቀልጄ ነበር። ቀልዱ በእኔው ላይ ተገለበጠ። ለካ ይህ አገጩ ሥር እሾሃማ ጢም ያለው፣ ዘሩ ከአውስትራሊያ በረሃ የሆነው፣ በእንግሊዝኛ «ቢርድድ ድራጎን» (ጢማም እንሽላሊት) የሚባለው፣ ልጆቹ ባጭሩ «ድራጎን» የሚሉት ፍጥረት በአሜሪካ በስንቱ ሐበሻ ሳሎን ተደላድሎ ተቀምጧል! ደብረ ዘይት ስማር ስለ በሬ ሳንባና ስለ በቅሎ ሰኮና እንጂ ስለ እሱ የነገረኝ መምህር አልነበረም፤ ያወቅሁትን ያወቅሁት እዚህ፣ ክሊኒክ ውስጥ ከሐኪሞች ጎን ቆሜ ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ። በእንሽላሊቱ ላይ የወረደውን እርግማንም አውጥቻለሁ።

አንዲት እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ አምፖሉ ሥር አፉን ከፍቶ ይጋደማል። ሊሞት ነው?

አይደለም፣ ሞቆት ነው። ውሻ ምላሱን አውጥቶ እንደሚያለከልከው ያለ ነገር ነው። ከአምፖሉ ርቆም አፉን የሚከፍት ከሆነ፣ ወይም አፉና አፍንጫው ላይ ንፍጥ ካዩ ግን ሳንባው ታሟልና ሐኪም ይየው።

አንድ አባት ከአሌክሳንድሪያ፦ መብራት አለው፣ ፌንጣ ይበላል፣ ካልሲየም የሚባለውንም ዱቄት አንድ ጊዜ ገዝቼለታለሁ። ከሳምንት ወዲህ የኋላ እግሩ ጣቶች ይርገበገባሉ፤ ሲሄድም ሆዱን መሬት ላይ ይጎትታል። በርዶት ይሆን?

አልበረደውም፣ ወንድሜ። ሁሉን ዘርዝረው ጽፈውልኛል፤ የቀረው አምፖሉ የተገዛበት ቀን ብቻ ነው። እኔ ደግሞ የምፈልገው እሱን ነበር።

አምና አንዲት የ11 ዓመት ልጅ የእሷን በጫማ ካርቶን ይዛ መጣች። ጠረጴዛው ላይ ስናስቀምጠው ጣቶቹ አንድ በአንድ ብድግ ብድግ ይላሉ፤ ክራር የሚመታ ሰው ጣት ይመስላሉ። ሐኪሟ የታች መንጋጋውን በአውራ ጣቷ ስትነካው እንደ ጎማ እጥፍ አለ። ራጅ ተነሣ፤ አጥንቱ ከሥጋው እምብዛም አይለይም ነበር። አባትየው ስልኩን አውጥቶ የመስታወት ሳጥኑን ፎቶ አሳየን፤ «ይኸው፣ ቀኑን ሙሉ ይበራል» አለ። እውነቱን ነው፣ ይበራል። ነገር ግን አምፖሉ ከእንሽላሊቱ ጋር አብሮ የተገዛ ነበር፤ ሁለት ዓመት አልፎታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህ እንስሳ ሁለት ዓይነት መብራት ይፈልጋል። አንዱ ለሙቀት ነው፤ የሚሞቅበት ቦታ ከ38 እስከ 42 ዲግሪ ሴልሺየስ (በፋራናይት ከ100 እስከ 108 ገደማ)፣ ሌላው ጥግ ደግሞ ከ24 እስከ 29 ዲግሪ መሆን አለበት። ሁለተኛው ዩቪቢ የሚባለውን የማይታይ ጨረር የሚሰጠው ነው። ቆዳው በዚያ ጨረር ቫይታሚን ዲ3 ይሠራል፤ አንጀቱም ካልሲየም የሚስበው በዚያ ቫይታሚን ነው። ጨረሩ ሲጠፋ ሰውነቱ ካልሲየሙን ከገዛ አጥንቱ እየሸረፈ ይኖራል። የአምፖሉ ተንኮል ደግሞ ጨረሩን ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ጨርሶ ብርሃኑን ግን መስጠቱን አለማቆሙ ነው። ዓይን ብርሃኑን አይቶ ይታለላል።

«መስኮት ሥር አስቀምጬዋለሁ» የሚል መልስ በየጊዜው እሰማለሁ። የመስኮት መስታወት ዩቪቢን ያስቀራል፤ የሳጥኑ የሽቦ ክዳንም ቀላል የማይባለውን ይቀንሳል። ስለዚህ ክብ ትንሽ አምፖሉን ትተው ረጅሙን ቱቦ ይግዙ፤ የሚሰቀልበትን ርቀት ከማሸጊያው ላይ ያንብቡ፤ ቀኑንም በእስክሪብቶ ቱቦው ላይ ይጻፉበት። ፌንጣ ፎስፈረስ በዝቶበት ካልሲየም የሚያንሰው ነፍሳት ስለሆነ ዱቄቱ ቆርቆሮው ውስጥ ሆኖ አይጠቅምም፤ ፌንጣው ላይ መነስነስ አለበት።

ይህ ሁሉ ግን ለነገ ነው። ዛሬ የምለምንዎ ስልክ እንዲደውሉ ነው። የሚንቀጠቀጥ እንሽላሊት ካልሲየም በልክ፣ በሐኪም እጅ ያስፈልገዋል፤ ቤት ውስጥ በግምት የሚሰጥ ዲ3 ሲበዛ እሱ ራሱ ይጎዳል። ውሻና ድመት ብቻ የሚያይ ክሊኒክ አይበቃዎትም። የተሳቢና የአምፊቢያን እንስሳት ሐኪሞች ማኅበር በድረ ገጹ ላይ በየአካባቢው ያሉ አባላቱን ይዘረዝራል፤ ከዚያ ይፈልጉ፣ ዋጋውንም ከመሄድዎ በፊት ይጠይቁ፤ ነውር የለውም። የጫማ ካርቶኗ ልጅ እንሽላሊት ዛሬም አለ። መንጋጋው ጠማማ ሆኖ ቀርቷል፤ ጠንክሯል ግን፣ ይበላል።

ስሟን ያልጻፈች፦ የንስሐ አባቴ ቤት ሊባርኩ ይመጣሉ። ልደብቀው?

የእኔ ሙያ አይደለም። ከደበቅሽው ግን መብራቱን አትንቀዪበት።

ከሲያትል፦ ከጎንደር የመጡት እናቴ ያዝኑለትና ከሚሠሩት ጎመን ያካፍሉታል። ይጎዳዋል?

እናትዎን እጅ ይንሱልኝ፤ ከብዙ ሻጭ የተሻለ ያውቃሉ። እዚህ በጎመን ስም የምንገዛው ኮላርድ ለዚህ እንስሳ ከሚሰጡት ምርጥ ቅጠሎች አንዱ ነው፤ ካልሲየም አለው። ብቻ ጥሬውን፣ ታጥቦና ደቅቆ ተከትፎ፣ ድስት ውስጥ ሳይገባ ይሁን። ዘይት፣ ሽንኩርትና ቃሪያ የነካው ለእኛ ይቅር። ቆስጣና ስፒናች ካልሲየሙን አስረው ስለሚያስቀሩ የዘወትር ምግብ አይሁኑ። አቮካዶ መርዝ ነው። እንጀራም ይጠይቁኛል ብዬ እሰጋለሁ፤ አይሆንም።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ በእናቷ እጅ፦ ማታ ጓሮ ውስጥ ብልጭ ድርግም የምትለዋን ጥንዚዛ ይዤ ልስጠው?

አይሆንም፣ የኔ ልጅ! አንዷ አብሪ ጥንዚዛ ብቻ ልትገድለው ትችላለች። እናት ሆይ፣ ከበላ በኋላ ከሆነ ይህን የምታነቢው፣ ማንበብሽን ትተሽ ወደ እንስሳት ድንገተኛ ክፍል ይዘሽው ሩጪ።

ተማሪ ከሚኒያፖሊስ፦ ከኅዳር ወዲህ አይበላም፣ ይተኛል። ከአገር ቤት የመጣ አሞክሲሲሊን አለኝ፤ ግማሽ እንክብል ላሟሟለት?

አሞክሲሲሊኑን ወደ መጣበት መልሰው። አዋቂው እንሽላሊት ግማሽ ኪሎ እንኳ በቅጡ አይሞላም፤ እንክብሉ የተለካው ለአንተ ነው። ደግሞስ ምን እንደያዘው ሳታውቅ?

ምናልባት ምንም አልያዘውም። አዋቂ ጢማም እንሽላሊት ክረምት ሲገባ ለሳምንታት አንዳንዴም ለወራት ይተኛል፤ አውስትራሊያ ውስጥ አያቶቹም እንደዚያው ናቸው። እንቅልፍ ይሁን በሽታ የሚለየው በወጥ ቤት ሚዛን ነው። በየሳምንቱ መዝነውና ጻፈው። የተኛ እንሽላሊት ብዙ አይቀንስም፤ ከክብደቱ አንድ አሥረኛ ያህል ካጣ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም ዓመት ያልሞላው ግልገል ከሆነ እንቅልፍ ነው አትበል። ዓይነ ምድሩንም በላስቲክ ይዘህ ለምርመራ ውሰድ፤ የአንጀት ተውሳክ ብዙ ጊዜ «ተኝቶ ነው» በሚል ሽፋን ያልፋል። በግድ አታብላው፤ ሆዱ ካልሞቀ ምግቡ አይፈጭም።

አንዲት እናት ከዳላስ፦ የስምንት ወር ሕፃን አለኝ። ባለቤቴ የእንሽላሊቱን ሳህን ወጥ ቤት ገንዳ ውስጥ ያጥባል። ስናገር «ንጹሕ እንስሳ ነው» ይለኛል።

ባለቤትሽ ተሳስቷል፤ ይህን ቆርጠሽ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፊው። ደህና የሚመስል እንሽላሊት ሳልሞኔላ የሚባለውን ሰው የሚያሳምም ባክቴሪያ በአንጀቱ ይዞ ይኖራል። በ2014 (በፈረንጆች) የአሜሪካ የበሽታ መከላከልና መቆጣጠሪያ ማዕከል ከእነዚሁ ጢማም እንሽላሊቶች ጋር የተያያዘ የሳልሞኔላ ወረርሽኝ አስታውቆ ነበር፤ ከታመሙት ብዙዎቹ ትንንሽ ልጆች ናቸው። ማዕከሉ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች እንዲህ ያሉትን እንስሳት እንዳይነኩ ይመክራል። ሳህኑ የራሱ ባልዲ ይኑረው፤ ባለቤትሽም ሕፃኑን ከማቀፉ በፊት እጁን በሳሙና ይታጠብ። ሕፃኑ ትኩሳትና ተቅማጥ ከያዘው ለሕፃናት ሐኪሙ እንሽላሊት እንዳላችሁ ተናገሪ፤ አፍረው የሚደብቁ አይቻለሁ።

ከአትላንታ፦ «ወንድ ነው» ተብሎ ተሸጦልን ስሙን ጎበዜ አልነው። ሰሞኑን ሆዱ አብጧል፣ አይበላም፣ ቀን ከሌት መስታወቱን ይቧጥጣል።

ጎበዜ እንቁላል ልትጥል ነው። ወንድ ባይኖርም ይጥላሉ፤ ልክ እንደ ዶሮ። የሚያስቧጥጣት የምትቆፍርበት ማጣቷ ነው፦ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ሣጥን ፈልጉ፤ ረጠብ ያለ፣ ሲጨብጡት የሚያያዝ አሸዋና አፈር ሙሉበት፤ እሷን ከተቱና ዞር በሉላት። ሰው ሲያያት ትተወዋለች። ቆፍራ ቆፍራ ሳትጥል ዝም ካለች፣ የኋላ እግሯ ከደከመ ወይም ጢሟ ጠቁሮ ከቀረ እንቁላሉ ተቀርቅሮባታል፤ በዚያው ቀን ካልታየች ትሞታለች፤ እስከ ሰኞ አይባልም። በደህና ከጣለች ውኃና ካልሲየም ስጧት፤ ስሟንም ጎበዚት በሉት።