መልሱ ሁለት የሚሆን ጥያቄ ይዘሽ አትግቢ

እህቴ፣ «ለበዓል የመሥሪያ ቤታችንን የጠቅላላ ዕውቀት ውድድር አዘጋጂ ተብያለሁ፤ ጂኦግራፊ፣ ኮከብ ቆጠራ፣ ምግብና ታዋቂ ሰዎች ይግቡበት ተብሏል፤ ጭቅጭቅ እንዳይነሳ ምን ላድርግ?» ላልሽው፣ እኔ እዚሁ ባሕር ዳር የሰፈራችንን ጥያቄና መልስ የማዘጋጅ ሰው ስለሆንኩ ያየሁትን ልንገርሽ።

ጭቅጭቁን ጨርሶ አታጥፊው፤ ድምቀቱ እሱ ነው። ሰው መልስ ከመስጠቱ በፊት ይከራከር። መልሱ ከተነበበ በኋላ የሚነሳው ነው ቤት የሚበጠብጠው።

ለምሳሌ የጣና ደሴቶች ስንት ናቸው ብለሽ እንዳትጠይቂ። 37 ሲባል ሁላችንም ሰምተናል፣ ግን ውሃው ሲሞላና ሲጎድል ቁጥሩ ይለዋወጣል፤ እዚህ ከተማ ደግሞ ጀልባ የሚነዳ ዘመድ የሌለው ሰው የለም። ራስ ዳሸንም ያው ነው። አንዱ 4,620 ሜትር ብሎ ተምሯል፣ ሌላው ስልኩ 4,550 ይለዋል። ይልቅ «አፄ ፋሲል የተቀበሩት የት ነው?» በያቸው። ግማሹ ቤት ጎንደር ብሎ ይጮኻል። መልሱ እዚሁ ጣና ላይ ነው፣ ዳጋ እስጢፋኖስ። የሚከራከርሽ አይኖርም።

ዓመተ ምህረት ያለበት ጥያቄ ላይ በጣም ተጠንቀቂ። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው በ1960 ነው፣ በፈረንጅ። በእኛስ? አንዱ 7 ቀንሶ 1953 ይላል፣ ሌላው 8 ቀንሶ 1952። ቀኑ ሴፕቴምበር 10 ነበር፤ ይህ በእኛ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ! እኔ ብሆን ዓመቱን ትቼ «በእኛ አቆጣጠር በየትኛው ወር አሸነፈ?» ብዬ ነው የምጠይቀው። 13ኛዋን ወር ማንም ቶሎ አያስባትም።

ኮከብ ቆጠራ ደግሞ ዋናው ወጥመድ ነው። እዚያው አበበ ላይ እንቆይ። በፈረንጅ ኦገስት 7 ቀን 1932 ስለተወለደ፣ በልደት ቀን ከሄድሽ ኮከቡ አሰድ ነው። በአገራችን ባህላዊ አቆጣጠር ግን የልደት ቀን ማንም አይጠይቅሽም፤ የሰውየው ስምና የእናቱ ስም በፊደሎቹ ቁጥር ተደምሮ ለ12 ይካፈላል፣ በቀሪው ኮከቡ ይታወቃል። ስለዚህ አንድ ሰው ሁለት ኮከብ ሊኖረው ይችላል። በዚህ የተነሳ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ሲኳረፉ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ሁለቱም ደግሞ ልክ ነበሩ! «በልደት ቀን ሲቆጠር» የምትል ሦስት ቃል ጨምሪ፣ በቃ። «ፀሐይ በዓመት ስንት የኮከብ ክምችት አቋርጣ ታልፋለች?» የሚልም አትጠይቂ፤ ኮከብ ቆጣሪው 12 ይላል፣ የሥነ ፈለክ ሰው 13።

ምግብ ላይ ዘና በይ። «በርበሬ መጀመሪያ የተገኘው የት አህጉር ነው?» ስትዪ ሁሉም ኢትዮጵያ ይልሻል፣ መልሱን ስትነግሪያቸውም ይቆጣሉ። አሜሪካ ነው። ከኮሎምበስ የ1492 ጉዞ በፊት ከዚያ ምድር ውጪ አይታወቅም ነበር፤ ድንች፣ በቆሎና ቲማቲምም እንደዚያው። እናቴ እስከዛሬ አላመነችኝም። ግን «ቁንዶ በርበሬን ሳይጨምር» ማለት አትርሺ፣ እሱ የህንድ ነውና አንድ አዋቂ ተነስቶ ነጥብ ይጠይቅሻል።

ታዋቂ ሰዎች ላይ ብዙ የምልሽ የለኝም። ዘርዓ ያዕቆብ ካልሽ ንጉሡን ይሁን ፈላስፋውን ለይተሽ ጥሪ።

ዳኛውን ከመሥሪያ ቤቱ ውጪ አምጪ። አለቃሽ ግን ዳኛም ተወዳዳሪም አይሁኑ፤ ሽልማት ሰጪ አድርጊያቸው።