ሽንት ቤቱ በአንድ ጊዜ አልወስድ ካለ

ታንኩ ሞልቶም ቆሻሻው ይቀራል ላልከው፣ መጀመሪያ 10 ሊትር ገደማ ውሃ በባልዲ ይዘህ መቀመጫው ውስጥ ባንዴ ድፋው። ጠርጎ ከወሰደ ቱቦው አልተደፈነም፤ ችግሩ ከላይ ነው። ውሃው ሽቅብ ከመጣ ግን መጀመሪያ የተደፈነውን ማስከፈት ነው።

ታንኩን ክፈትና እየለቀቅክ እየው። ከሥር ያለው ላስቲክ ውሃው ሳያልቅ ቶሎ ከተከደነ ላስቲኩን ከመልቀቂያው እጀታ ጋር የሚያያይዘው ሰንሰለት ላልቷል፤ ትንሽ አሳጥረው። ውሃው ትርፍ ውሃ ከሚወርድበት ቱቦ አፍ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ መቆም አለበት። ከዚያ ካነሰ ተንሳፋፊውን ከፍ አድርገው።

ይሄም ደህና ከሆነ ከመቀመጫው ጠርዝ ሥር ያሉትን የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎች በትንሽ መስታወት እያቸው። የኛ ቤት የጉድጓድ ውሃ ስለሆነ ነጭ ድንጋይ ሠርቶባቸው ነበር። አንድ በአንድ በሽቦ ጎርጉሬ ስከፍታቸው ውሃው እንደ ድሮው ዙሪያውን መውረድ ጀመረ።

ድንጋዩን በአሲድ ላሟሟ ካልክ ግን አደራህን፣ አሲድና በረኪና እንዳታገናኝ። እኔ በረኪናው በደንብ ሳይታጠብ አሲድ ጨምሬበት ጋዙ ጉሮሮዬን አነቀኝ። ሮጬ ባልወጣ ኖሮ እንጃ፤ ሳሉ ሁለት ቀን አልለቀቀኝም።