ወረቀቱ ሲታደል ልቤ የሚደልቀው ለምንድን ነው?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። «በደንብ አጥንቼ እገባለሁ። ወረቀቱ ሲታደል ግን ልቤ ይደልቃል፣ እጄን ያልበኛል፣ ጣቴ ይቀዘቅዛል፣ ሆዴን ይቆርጠኛል፣ ያጠናሁት ሁሉ ድርግም ይላል። ስወጣ መልሱ ይመጣልኛል። በሽታ ነው ወይ? ጓደኛዬ የምትወስደውን ልብ የሚያረጋጋ ኪኒንስ ልሞክረው?» ነው ያልሽው። ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ። ተማሪ እያለሁ እኔም በዚሁ ነገር አሳሬን አይቻለሁ። አሁን አስጠናለሁ፣ ፈተና ላይም እቆማለሁ። ስለዚህ ከሁለቱም ወገን አውቀዋለሁ።

በሽታ አይደለም። ሰውነትሽ የተፈጠረበትን ሥራ እየሠራ ነው፤ ቦታው ነው ያልሆነው።

አእምሮ አንድን ነገር አደጋ ነው ብሎ ከቆጠረው፣ የሚያሳድድ አውሬም ሆነ የታተመ ወረቀት ለሰውነት ያው ነው። ነርቮች ወዲያው መልእክት ያደርሳሉ። ከኩላሊቶች በላይ ያሉት ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች አድሬናሊን የሚባል ሰውነትን የሚያነሳሳ ሆርሞን ወደ ደም ይረጫሉ። ልብ ይፈጥናል፣ ጉበት ያከማቸውን ስኳር ይለቃል፣ ጡንቻ ለሩጫ ይዘጋጃል። ይሄን ቀድመው ካጠኑት አንዱ ዋልተር ካነን የተባለ አሜሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1915 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ ስለ 9 የሕክምና ተማሪዎች ይጠቅሳል። በአዘቦት ቀን ሽንታቸው ውስጥ ስኳር የለም። ከከባድ ፈተና በኋላ ሲመረመሩ ግን 4ቱ ላይ ተገኘ። ከቀላል ፈተና በኋላ የተገኘው 1 ተማሪ ላይ ብቻ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጠው እስክሪብቶ ከመያዝ ያለፈ ነገር ሳይሠሩ፣ ሰውነታቸው የሩጫ ስንቅ አውጥቶላቸው ነበር ማለት ነው።

አሁን የአንቺን ምልክቶች እንያቸው። ጣትሽ የሚቀዘቅዘው ደሙ ከቆዳ ሸሽቶ ወደ ትልልቆቹ ጡንቻዎች ስለሚሄድ ነው። መዳፍ ደግሞ ሙቀት ሳይኖርም በስሜት ብቻ የሚያልብ ቦታ ነው። እጇ ሥር መሐረብ አንጥፋ የምትጽፍ ተማሪ አለችኝ፤ ያለዚያ የመልስ መስጫ ወረቀቱ ይርስባታል። ሆድን በተመለከተ ነገሩ ግራ ያጋባል። ጨጓራ ሥራውን ሲያዘገይ ትልቁ አንጀት ይፈጥናል። ስለዚህ ምግብ አስጠልቶሽ ሳለ መጸዳጃ ቤት ያስሮጥሻል። ከፈተና በፊት እዚያ በር ላይ ሰልፍ የሚበዛው ያለምክንያት አይደለም።

እኔን በጣም ያስፈራኝ የነበረው ግን ትንፋሽ ነው። ስንደነግጥ ቶሎ ቶሎ እንተነፍሳለን። ያኔ ከደማችን ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከመጠን በላይ ይወጣል፣ ወደ አንጎል ደም የሚያደርሱት ሥሮችም ጠበብ ይላሉ። ራስን ያዞራል፣ ከንፈርና ጣት ይነዝራል። ይሄን ሳላውቅ በፊት «አሁንስ መውደቄ ነው» እል ነበር። እሱ ሐሳብ ደግሞ ትንፋሼን ያብሰዋል። ምክንያቱን ካወቅሁ በኋላ ንዝረቱ ባይቀርም ፍርሃቱ ቀለለልኝ።

መርሳቱስ? ያጠናሽው አልጠፋም። ቢጠፋማ ኖሮ ስትወጪ ከየት ይመጣ ነበር? ከአድሬናሊን ቀጥሎ ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን አለ። ይሄኛው ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ድንጋጤው ከጀመረ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ነው ጣራ የሚነካው። ሲበዛ የተቀመጠ ትዝታን ማውጣት ያከብዳል። ሌላው፣ አእምሮ ነገሮችን ለጊዜው ይዞ የሚያሰላበት ቦታ እንደ ትንሽ ጠረጴዛ ጠባብ ነው። «ብወድቅስ? ቤተሰቤ ምን ይላል? ያቺ ልጅ ገጽ ገልጣለች እኮ!» የሚለው ሁሉ እሱ ላይ ከተዘረገፈ ለጥያቄው ቦታ አይተርፍም። የፈተና ጭንቀትን የሚያጠኑ ሰዎች እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሁለቱን ይለያሉ፤ የሰውነት መረበሽ አንድ ነገር፣ በሐሳብ መብሰልሰል ሌላ ነገር። ውጤት ከመቀነስ ጋር ይበልጥ ተያይዞ የሚገኘው መብሰልሰሉ ነው።

እኔም የማየው ይሄንኑ ነው። በረድፎቹ መሀል ስዞር አንደኛ የሚወጣው ልጅ እግር ከጠረጴዛው ሥር ሲርገፈገፍ አያለሁ። ጆሮው ቀልቷል። እጁ ግን አይቆምም፣ ይጽፋል። ልቡ እንደ አንቺው እየደለቀ ነው፤ እሱ ግን ቁጭ ብሎ አያዳምጠውም።

ስለዚህ ልብሽን ዝም ለማሰኘት አትታገይ። ሰዎች «ተረጋጊ» ሲሉሽ የባሰ የሚያናድድሽ ለዚህ ነው፤ በትእዛዝ የሚረጋጋ ልብ የለም። «ሰውነቴ ለሥራ ተነስቷል» ብለሽ ብትወስጂው ይሻላል። ይሄ ባዶ ማጽናኛ እንዳይመስልሽ። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ አንድ ጥናት፣ መረበሽ ውጤት ሊያግዝ እንደሚችል አስቀድሞ የተነገራቸው ተማሪዎች በፈተናው የሒሳብ ክፍል ላይ ካልተነገራቸው የተሻለ ሠርተዋል።

ትንፋሽን በተመለከተ «በጥልቀት ተንፍሺ» የሚለው ምክር ግማሹ ልክ አይደለም። አየር ለመሳብ መታገል ማዞሩን ያብሳል። ቁም ነገሩ ማውጣቱ ላይ ነው። አየር ስናወጣ ልብ በተፈጥሮው ዘገም ይላል። እስከ 4 እየቆጠርሽ በአፍንጫሽ በለሆሳስ ሳቢ፣ እስከ 6 እየቆጠርሽ ቀስ ብለሽ አውጪ። ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ብቻ ፈተናው ቀን አትጀምሪው፣ ቀደም ብለሽ ቤት ተለማመጂው።

ወረቀቱ ሲደርስሽ ደግሞ ለእጅሽ ሥራ ስጪው። ቀመሮችና የምትፈሪያቸውን ስሞች ጥግ ላይ ጻፊ፣ ከዚያ ቀላሉን ጥያቄ ፈልገሽ ከእሱ ጀምሪ። የመጀመሪያው መልስ ሲጻፍ ጠረጴዛው ላይ ቦታ ይገኛል። ከመግባትሽ በፊት ጭንቀትሽን ወረቀት ላይ መዘርገፍም የጠቀማቸው ተማሪዎች አሉ። እኔን ብዙም አልረዳኝም፤ ሞክሪውና ፍረጂ።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን ቤት ውስጥ መፈተን ነው። ሰዓት ሞልተሽ፣ ደብተር ዘግተሽ፣ ስልክ ሌላ ክፍል ትተሽ ሥሪ። ያልተላመድሽው ነገር ሁሌም ያስደነግጣል። አንብቦ «ገብቶኛል» ማለት እና ሰዓት እየሮጠ መልስ ማውጣት ለየቅል ናቸው።

ኪኒኑን ግን ተይው። ጓደኛሽ ያለችው ፕሮፕራኖሎል ወይም ከእሱ ዘር የሆነ ይመስለኛል። አድሬናሊን ልብ ላይ የሚያደርሰውን ጫና ይቀንሳል፣ ድልቂያውም ሆነ መንቀጥቀጡ ይቀላል። መብሰልሰሉን ግን ከሥሩ አይነቅለውም። ደግሞም አስም ያለበት ሰው ላይ አየር ቧንቧን ሊያጠብ ይችላል፣ ግፊትም ያወርዳል። በሐኪም ትእዛዝ እንጂ ከጓደኛ ቦርሳ የሚወሰድ አይደለም። ድልቂያው ፈተና በሌለበትም የሚመጣብሽ ከሆነ፣ ራስሽን ከሳትሽ ወይም ደረትሽን ካመመሽ ሐኪም ጋር መሄድ አለብሽ።

ለመሆኑ ለፈተናሽ ስንት ጊዜ ቀረሽ? ሳምንታት ካሉሽ በሰዓት ከመፈተኑ ጀምሪ። ነገ ከሆነ ግን አዲስ ነገር አትሞክሪ። ማታ ቡና ይቅርብሽ፤ ካፌይኑ ግማሹ እንኳ ከሰውነት እስኪወጣ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ደብተሩን ዘግተሽ ተኚ።