ማሊያውን ተዪው፣ ታኬታውን ያዢ

«ያገለገለ የስፖርት ልብስና ጫማ ሰብስበን እየሸጥን የሰፈራችንን ታዳጊ ቡድን ብናግዝ ያዋጣል ወይ?» ላልሽው፣ አዎ እህቴ፣ ያዋጣል። እዚህ ድሬ ሁለት ዓመት ሞክረነዋል። መጀመሪያ ላይ ግን በደንብ ተሸውደናል።

ብር የሚያመጣው ማሊያ መስሎን ነበር። ሰጪው ብዙ ነው፣ ገዢ ግን የለውም፤ አዲሱ በርካሽ ሞልቷላ። የአርሴናልና የማንቼ ብቻ፣ አቦ፣ ከነቀዳዳው ይሸጣል!

ብሩ ያለው ታኬታ ላይ ነው። ስትቀበዪ መጀመሪያ ገልብጠሽ ጥርሱን እዪ። ዘመድ ከውጭ ከሚልከው ውስጥ ባለ 6 የብረት ጥርስ ይኖራል። እሱ ለጭቃና ለረጠበ ሳር የተሠራ ነው። የኛ ሜዳ ድርቅ ያለ ነው፤ ብረቱ አይገባለትም፣ ውስጥ እግርን ያቃጥላል። እነሱን አዲስ አበባ ላለ ዘመድ ላክናቸው፣ ክረምት ሲገባ እዚያ ተሸጡ። እዚህ የሚፈለገው አጫጭር የላስቲክ ጥርስ የበዛበት ነው።

የሩጫ ጫማ ደግሞ ጉድ ሠርቶናል። ዓመታት ካርቶን ውስጥ የተቀመጠ፣ ሲያዩት አዲስ የሚመስል ጫማ ለአንድ አባት ሸጥን። በሦስተኛው ቀን ሶሉን በፌስታል ይዘው መጡ። እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈርፍሯል። ለካ አንዳንዱ የስፖንጅ ሶል ሳይለበስም ያረጃል፤ እርጥበትና ሙቀት ይበላዋል። ብራቸውን መለስን፣ ሻይም ጋበዝናቸው። አሁን በአውራ ጣቴ ጫን ሳላደርገው አልቀበልም።

አንድ ጫማ ሰፊ ያዙ፣ ከሽያጩ ይከፈለው። በነፃ ካላችሁት ሥራችሁን ወደ ኋላ ያደርገዋል።

ከመሸጥ በፊት ልጆቹ ይለኩ። ልክ የሆነው ለእነሱ፣ የተረፈው ለገበያ። እኛ ይሄን ዘግይተን ነው ያወቅነው። አንዲት እናት «ልጄ በባዶ እግሩ እየተጫወተ ታኬታ ትቸበችባላችሁ?» ብላ አፋጠጠችን። መልስ አልነበረንም።

ቦንዳ ገዝታችሁ እንዳትጀምሩ። ልባሽ ጨርቅ ከውጭ ማስገባት ክልክል ነው፤ በልጆች ስም ኮንትሮባንድ ይዞ መቆም ደስ አይልም።

ሽያጩን ከ10 ሰዓት በኋላ አድርጉት፣ ፀሐዩ በረድ ሲል። እኛ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር ምንጣፍ ዘርግተን ነው። ብሩን አንድ ወላጅ ይይዛል፣ ደብተሩን ሌላ ሰው። ማን ምን ሰጠ፣ በስንት ተሸጠ፣ ብሩ ለኳስ ነው ለትራንስፖርት፣ ሁሉም ይጻፋል። አንዱን ገጽ ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ፤ የእጅ ጽሑፌን ግን ቻዪው።