አባቱን ላሰየፈው ንጉሥ ያደረ ልጅ

ልጆቼ፣

ጥብቅና ላይ በኖርኩበት ዘመን ቢሮዬን ካንኳኩት ወጣቶች ብዙዎቹ በራሳቸው ጉዳይ አልመጡም፤ በአባታቸው ጉዳይ እንጂ። የተወረሰ ቤት፣ የተነጠቀ መሬት፣ በሐሰት ምስክር የጠፋ ስም። ፋይሉን ጠረጴዛዬ ላይ ያኖሩና «ጋሼ፣ ይኼን ሳላስመልስ እንቅልፍ የለኝም» ይሉኛል። ሕጉን ነግሬ የምጨርሰው በሃያ ደቂቃ ነው። ጊዜ ሲተርፈኝ ደግሞ ስለ አንድ የስኮትላንድ መኮንን አወራላቸው ነበር። ጡረታ ወጥቻለሁና ለእናንተ በጽሑፍ ላድርገው።

ሰውየው ሳይመን ፍሬዘር ይባላል፤ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1726 ተወለደ። ሀገሩ ሃይላንድ ነው። እኛ የውሃ ፕላስቲክ መጠሪያ ያደረግነው ቃል ለእነሱ የሰሜን ስኮትላንድ ተራራማ ምድር ስም ነው። አባቱም ሳይመን ይባላሉ፤ የሎቫት ጌታ፣ የፍሬዘር ጎሳ አለቃ፣ ዕድሜ ልካቸውን በሁለት ቢላዋ የበሉ ሽማግሌ። በ1745 ልዑል ቻርልስ ስቱዋርት ከፈረንሳይ መጥቶ ሲያምፅ (እሱም የአያቱን ዘውድ ለአባቱ ሊያስመልስ የመጣ ወጣት ነበር፣ ልብ በሉልኝ)፣ ሽማግሌው በአንድ እጃቸው ለመንግሥት «እኔ ታማኝ ነኝ፣ ልጄ ግን አልታዘዝ አለኝ» እያሉ ይጽፋሉ። በሌላው እጃቸው ያንኑ ልጅ ከሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ ጠርተው የጎሳውን ጦር አስመሩት። ልጁ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር።

ሚያዝያ 16 ቀን 1746 ኩሎደን በሚባል የሃይላንድ ሜዳ ላይ አመፁ አንድ ሰዓት ባልሞላ ውጊያ ተደመሰሰ። አባት ተይዘው ለንደን ውስጥ በመኳንንት ምክር ቤት ተዳኙ፤ ሚያዝያ 9 ቀን 1747 ታወር ሂል ላይ አንገታቸው ተቀላ። ዕድሜያቸው ሰማንያ ገደማ ነበር። በብሪታንያ አንገቱን በመቀላት የተገደለ የመጨረሻው ሰው እሳቸው ናቸው። ርስቱ ለዘውዱ ተወረሰ። ልጁ በኤድንብራ ግንብ ታሰረ፤ ተፈትቶም በ1750 ምሕረት አገኘ። አባቶች ጨርቋ የወይን ፍሬ በሉ፣ የልጆች ጥርስ ጠረሰ የሚባለው ይኼ ነው።

እስከዚህ ድረስ ስተርክ ወጣቶቹ ሁሉ ከሳይመን ጎን ይቆማሉ። ቀጥሎ ያለው ነው የሚከብዳቸው።

ሳይመን እንደኔ ጠበቃ ሆነ። በ1752 የመንግሥት ሰው የሆነ ኮሊን ካምቤል የተባለ አስተዳዳሪ አፒን በሚባለው አገር በጥይት ተገደለ። ሥራው ካመፁት ባላባቶች የተወረሰን መሬት ማስተዳደር ነበር፤ ማለትም በሳይመን ርስት ላይ እንደተሾሙት ዓይነት ሰው። ተኩሷል ተብሎ የተጠረጠረው አለን ብሬክ ስቱዋርት አመለጠ። በእሱ ምትክ ጄምስ ስቱዋርት የተባለ፣ እሱም በአመፁ የነበረ ሰው፣ በግብረ አበርነት ተከሰሰ። ችሎቱ የተቀመጠው የሟቹ ጎሳ በሆኑት በካምቤሎች ከተማ በኢንቬራሪ ነው። ከዳኞቹ ዋናው የካምቤሎች አለቃ የአርጋይል መስፍን፤ ጁሪ ሆነው ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም ከሚሉት አሥራ አምስት ሰዎች አሥራ አንዱ ካምቤሎች። ተከሳሹ ጠበቃ የማግኘት ዕድል የተሰጠው ዘግይቶ ነው። ተፈረደበትና ኅዳር 8 ቀን ባላሁሊሽ ላይ ተሰቀለ፤ ሬሳውም ዘመድ አውርዶ እንዳይቀብረው ወታደር ተመድቦለት በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ቆየ።

ሳይመን ፍሬዘር ከከሳሾቹ ጠበቆች አንዱ ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ እቆያለሁ፣ ምክንያት አለኝ። እኔም ገና ጀማሪ ሳለሁ፣ በወገን መጠርጠሬን ስለፈራሁ ብቻ፣ አንድ ቢሮ የሰጠኝን ክስ ሳላምንበት ጽፌያለሁ። ክሱ አማርኛው ያማረ ነበር፤ አለቆቼም ወደዱት። ሰውየው ሦስት ዓመት ታሰረ። ማንም አላስገደደኝም፤ «ከማን ወገን ነህ?» ብሎ የጠየቀኝም አልነበረም። ጥያቄውን በራሴ አእምሮ ሰምቼ መልሱን በሰው ዕድሜ ከፈልኩ። ስለዚህ ታማኝነታችሁን ማሳየት በጣም ባማራችሁ ቀን የምትፈርሙትን ወረቀት ደግማችሁ አንብቡት፤ ቢቻል ለነገ አሳድሩት።

ወደ ሳይመን ልመለስ። በ1757 ከፈረንሳይ ጋር በተነሣው ጦርነት ንጉሡ ወታደር ፈለገ። ሳይመን መሬት የለውም፣ ገንዘብ የለውም፤ ያለው የአባቱ ስም ነው። በዚያ ስም ብቻ በጥቂት ወራት 1,500 ገደማ ሰው ሰብስቦ በኋላ 78ኛ የተባለውን ሬጅመንት (ክፍለ ጦር) አቋቋመ፤ ሌተና ኮሎኔልም ሆነ። በዛሬዋ ካናዳ በ1758 ሉዊስበርግን፣ በ1759 ኩቤክን ተዋጉ። በኩቤክ ያዘዛቸው ጄኔራል ዎልፍ ኩሎደን ላይ በተቃራኒው ሰልፍ የነበረ ነው። በ1751 ለአንድ መኮንን ወዳጁ ስለ ሃይላንድ ሰዎች ሲጽፍ ብርቱና ደፋር ናቸው፣ አስቸጋሪ መሬት ለምደዋል፣ ቢሞቱም ይህን ያህል ጉዳት የለውም ብሏል። ሳይመን ይህን ደብዳቤ አላየውም ይሆናል፤ የተመለመሉት ገበሬዎች ግን በእርግጥ አላዩትም። እሱ ራሱ አልሸሸም፤ በኩቤክ ከበባ ቆሰለ፣ በ1760 ሳንት ፎዋ ላይ እንደገና ቆሰለ። ፈሪ ነበር ብዬ አልዋሽበትም።

በ1763 ሬጅመንቱ ሲበተን ብዙዎቹ እዚያው ካናዳ ቀሩ፤ ፈረንሳይኛ የሚናገሩ ሴቶችን አገቡ። የሃይላንዱን ቋንቋ ጌሊክን የረሱ፣ በፈረንሳይኛ የሚጸልዩ ፍሬዘሮች ኩቤክ ውስጥ የተገኙት በዚህ ነው። እኔን ከታሪኩ ሁሉ ደስ የሚለኝ እነዚህ ናቸው። ምንም ያላስመለሱ፣ አዲስ የጀመሩ።

ሳይመን ግን ርስቱን አልረሳም። የፓርላማ አባል ሆነ፣ በፖርቱጋል ተዋጋ፣ ጄኔራል ተባለ። በ1774 ፓርላማው ለአገልግሎቱ ብሎ በልዩ ሕግ፣ 20,983 ፓውንድ አስከፍሎ የአባቱን መሬት መለሰለት። የአባቱን ማዕረግ ግን አልመለሰም። ደንበኞቼ እዚህ ስደርስ ፈገግ ይላሉ፤ ሃያ ሰባት ዓመት መጠበቅ ለእነሱ ምንም አይደለም። «ከዚያስ?» ሲሉኝ እነግራቸዋለሁ። በ1782 ለንደን ውስጥ ልጅ ሳይወልድ ሞተ። ርስቱ በእንጀራ እናቱ በኩል ለተወለደው ወንድሙ ለአርቺባልድ ካምቤል ፍሬዘር ሆነ። አዎ፣ ስሙ ካምቤል ነው፤ እናቱ የዚያ ቤት ልጅ ነበሩ። አርቺባልድ አምስት ወንዶች ልጆች ወልዶ ሁሉንም በሕይወቱ ቀበረ። መሬቱ ለሩቅ ዘመድ ሄደ።

አንድ ነገር ዘልያለሁ። ርስቱ በተመለሰ በዓመቱ አሜሪካኖች አመፁ፤ ሳይመንም ለንጉሡ 71ኛ የተባለ ሌላ ሬጅመንት፣ ከሁለት ሺህ በላይ ሰው፣ ሰበሰበ። አዲሶቹን ምልምሎች በጌሊክ ሲያናግራቸው አንድ ሽማግሌ በትሩን ተደግፎ ሲያዳምጥ ቆየና፣ ንግግሩ ሲያልቅ እጁን ጨብጦ «አንተ እስካለህ ድረስ የሎቫቱ ሳይመን አይሞትም» አለው ይባላል። ከመርከቦቹ አንዳንዶቹ ቦስተን በእንግሊዞች እጅ ያለ መስሏቸው ወደቡ ገብተው ተማረኩ። የቀሩት በደቡብ ሲዋጉ ከርመው በ1781 ዮርክታውን ላይ እጃቸውን ሰጡ። ሳይመን አብሯቸው አልተሳፈረም ነበር።